ማሽኑ ተገዛ፤ እጁስ ሠለጠነ?

ጎህ ሲቀድ ገለምሶ መናኸሪያ ቆሞ ላስተዋለ ሰው፣ የሚሳፈረው ሁሉ ነጋዴና ተማሪ አይደለም። ከመሐላቸው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በልጁ ትከሻ ተደግፎ፣ የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ሸፍኖ በደረት ኪሱ የያዘ ሰው አይጠፋም። በበዴሳና በኩኒ በኩል ጭሮ ይወጣል። ከዚያ አንዱ በሂርና አድርጎ ወደ ሐረር፣ ሌላው በሚኤሶና በአዋሽ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። እኛ የምዕራብ ሐረርጌ ነዋሪዎች ይህን ጉዞ ለምደነዋል። ከመልመዳችን የተነሣም ከመንገደኞቹ ውስጥ ስንቱ እዚሁ ሊረዳ ይችል እንደነበር መጠየቅ ትተናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴን ይዘው ከሄዱት አስታማሚዎች አንዱ ነበርኩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ “አባ” እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ገበሬ ናቸው። እግራቸው አብጧል፣ ምግብ ጠልተዋል፣ ሌሊት ሌሊት ይቃዣሉ። በዞናችን ከተሞች ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ወሰድናቸው። ደም ተመረመረ። ክሬቲኒን የሚሉት፣ ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተረኛው ሐኪም ወጣት፣ ትሑትና ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። “አባቴ፣ ሽንት ይመጣልዎታል?” ሲል ጠየቃቸው። እሱ ከሌላ አካባቢ የመጣ ስለሆነ አፋን ኦሮሞ አይችልም፤ እሳቸው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ያስተረጎመችው ሴት ልጃቸው ናት። አባ ልጃቸውን አየት አድርገው “ይመጣል” አሉ። አልዋሹም፤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ግን አንድ አዛውንት በሴት ልጁ አፍ ስለ ሽንቱ ምን ያህል ሊናገር ይችላል?

አልትራሳውንድ ታዘዘላቸው። ማሽኑ አለ። ክፍሉ ግን ተቆልፏል፤ የሚያነሣው ባለሙያ ለሥራ ጉዳይ ወጥቷል፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ማሽኑ ሽፋኑን እንደለበሰ ቆሟል። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ፣ ኩላሊታቸው መድከሙንና ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። ያን ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የተመካከረው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለሚሸጠው በሬ ነበር።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያየሁት ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ። የኩላሊት ስፔሻሊስት ለመሆን በመማር ላይ ያለች ሐኪም አነስተኛ የአልትራሳውንድ ማሽን እየገፋች ወደ አልጋቸው መጣች። አስተማሪዋ ከጎኗ ቆሟል። “አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ” ብላ ጎናቸው ላይ ጄል ቀባችና ፕሮብ የሚባለውን የማሽኑን መመልከቻ በጎድን አጥንቶቻቸው መሐል አሳረፈች። ወዲያው አስተማሪዋ “ምን አየሽ?” አላት። “የቀኝ ኩላሊት ውስጡ ተለጥጧል” አለች። በግራም እንዲሁ ሆኖ አገኘችው። ፕሮቡን ወደ እምብርታቸው ግርጌ ስታወርድ ስክሪኑን ግዙፍ ጥቁር ነገር ሞላው፤ ሽንት የወጠረው ፊኛ ነበር። “አሁንስ ምን ማለት አትችዪም?” አላት መምህሩ። “ያገደው ፕሮስቴት ይሁን ሌላ ነገር፣ በዚህ ብቻ እርግጠኛ መሆን አልችልም” ስትል መለሰች። ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ካቴተር፣ ገባላቸው። የሽንት ከረጢቱ ሞልቶ ተለወጠ፤ ዳግመኛም ሞላ። ክሬቲኒኑ ከቀን ቀን ወረደ። አባ ዲያሊሲስ ሳያደርጉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም እሳቸውን ለማኖር የሚበቃ ሥራ ይሠራል።

ያቺ ሐኪም አባ አልጋ ዳር የቆየችው ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ እሷ ዘንድ ለመድረስ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘናል። ኩላሊቱ ማጣራት አቅቶት ፖታሲየም በደሙ ውስጥ የተከማቸበት ሰው ልቡ በድንገት ልትቆም ትችላለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ብትቆምስ ማን ይደርስለታል?

ሐኪም አይደለሁም። የሰማሁትን ያነበብኩትንና የጠየቅኩትን እንደገባኝ ልናገር። ኩላሊት በሦስት አቅጣጫ ሊታመም ይችላል። አንዱ ወደ እሱ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ነው፦ በተቅማጥ፣ በደም መፍሰስ፣ በልብ ድካም። ሁለተኛው ራሱ ኩላሊቱ ሲጎዳ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው መውጫው ሲዘጋ ነው፦ በጠጠር፣ በፕሮስቴት ማበጥ፣ በሴቶች ደግሞ በማሕፀን በር ካንሰር። የመስኖ ቦይ ታች ሲደፈን ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያበላሸው፣ የታገደ ሽንትም ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊቱን ከውስጥ ያደቅቀዋል። የዚህ የሦስተኛው ልዩነት ቶሎ ከተደረሰበት መመለስ የሚችል መሆኑ ነው። ጊዜ በሄደ ቁጥር ግን የሚመለሰው እያነሰ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ሦስቱም በደም ምርመራ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ክሬቲኒን ኩላሊት መቸገሩን ይናገራል እንጂ ለምን እንደተቸገረ አይናገርም። ሕክምናቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ደሙ ላነሰበት ፈሳሽ ይሰጣል፤ ሳንባው ውሃ ለቋጠረበት ያው ፈሳሽ ሊገድለው ይችላል። መውጫው ለተዘጋበት ደግሞ ካቴተር ወይም የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እንጂ የመድኃኒት ብዛት አይጠቅመውም። እንግዲህ ሐኪሙ እነዚህን እንዴት ይለያቸው? በጥያቄ፣ በእጁ ዳሰሳ፣ በማዳመጫው፤ እነዚህ ሁልጊዜም ይቀድማሉ። ነገር ግን በሽተኛው ሲያፍር፣ ቋንቋ ሲያግድ፣ ሆድ ሲያብጥ፣ ሕመሙም ቀስ በቀስ የመጣ ስለሆነ ሥቃይ ሳይኖረው ሲቀር፣ አልጋ ዳር የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። አባ የደበቁትን ያ ፕሮብ አሳየ።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብድ ሌላም ነገር አለ። ጫት የኑሯችን መሠረት ነው፤ ልጆቻችንን ያስተማርንበት፣ ቤታችንን የሠራንበት። ስለ እሱ በግልጽ መነጋገር ግን አለብን። በየመን በጤነኛ ወንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት፣ ጫት ከተቃመ በኋላ የሽንት አወራረድ ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለጎልማሳው ይህ ጊዜያዊ ነገር ሊሆን ይችላል። ፕሮስቴቱ ቀድሞውኑ ላበጠ አዛውንት ግን በሸክም ላይ ሸክም ነው። ከሰዓት በኋላ ለጫት መቀመጥ ልማድ በሆነበት አገር፣ ሽንት ያገደውን ሰው ፈጥኖ ማወቅ የሚችል እጅ በየሆስፒታሉ መኖር የለበትም ትላላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በኢትዮጵያ የኩላሊት ሕክምና ብዙ መንገድ ተጉዟል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ተደርገዋል፤ ኩላሊት የለገሱትም በሕይወት ያሉ የሕሙማኑ ዘመዶች ነበሩ። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች ተጨማሪ ትምህርት እየተማሩ የኩላሊት ሐኪም ይሆናሉ። ይህ የሚያኮራ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከእነዚህ ሐኪሞች ስንቱ ገለምሶ ወይም መቻራ ተቀምጦ ይሠራል? በቅርቡ አይሆንም። ብዛታቸው ጥቂት ነው፤ ሥራቸውም ከዲያሊሲስ ማሽንና ከትልልቅ ሆስፒታሎች ጋር የተቆራኘ ነው።

ታዲያ እነሱ አልትራሳውንድ መማራቸው ለእኛ ምን ይፈይዳል? እንደኔ እምነት የሚፈይደው ሁለት ነገር ሲማሩ ነው፤ መጀመሪያ ራሳቸው ማየትን፣ ቀጥሎ ለሌላው ማሳየትን። የኩላሊት ስፔሻሊስት ተመራቂ ፕሮብ መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን “ይህ ኩላሊት ተለጥጧል ወይስ አልተለጠጠም?” የሚለውን እንዲመልስ ማሠልጠን የሚችል ሆኖ መውጣት አለበት። ይህ በትምህርቱ ዕቅድ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ችሎታው በአዲስ አበባ ግድግዳዎች መሐል ይቀራል።

ማየትን መማርስ ምንድን ነው? ያቺ ሐኪም ለማስተማሪያ ያህል ባሳየችን ስክሪን ላይ ጤነኛ ኩላሊት ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ መሐሉ ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል። የአዋቂ ሰው ኩላሊት ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀኙ በጉበት በኩል በደንብ ይታያል፤ የግራው በጣፊያ በኩል ስለሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል። ሽንት ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ በነጩ መሐል ጥቁር ቅርንጫፍ ከተዘረጋ መታገድ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ያነሰና የሳሳ ኩላሊት ሕመሙ የቆየ መሆኑን ይጠቁማል። ፕሮቡ ወደ ደረት ሲወጣ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ነጫጭ መስመሮችን ያሳያል። ለዲያሊሲስ በአንገት ደም መልስ ውስጥ ቱቦ ሲገባም፣ መርፌው አጠገቡ ያለውን ደም ቅዳ እንዳይወጋ ዓይን የሚሆነው ይኸው መሣሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ አይለመድም። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስም ሥልጠና አይደለም። ያየሁት መምህር ያደረገው ሌላ ነው። ተማሪዋ ራሷ እንድትይዝ አደረገ፤ ምስሉን እንድታስቀምጥ አዘዛት፤ ኋላም ምስሉን ከራዲዮሎጂ ክፍል ውጤት ጋር እንድታስተያይ ነገራት። ከሁሉ በላይ ደግሞ “ምን ማለት አትችዪም?” ብሎ ጠየቃት። በእኔ ግምት የሥልጠናው ልብ ያለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ ኩላሊት ያለ በሽታም ሊለጠጥ ይችላል። ፊኛ በጣም ሲሞላም ኩላሊት ለጊዜው የተለጠጠ ሊመስል ይችላል። መታገዱ ገና ሲጀምር ወይም በሽተኛው ፈሳሽ አጥቶ ሲደርቅ ደግሞ ችግሩ እያለ ላይታይ ይችላል። ይህን የማያውቅ እጅ ፕሮብ ከሚይዝ ባይዝ ይሻላል።

በሌላው ዓለም ያሉ የኩላሊት ሐኪሞችም በዚህ ጉዳይ ላይ እየመከሩ ነው። በአሜሪካ ሚልዋኪ የሚያስተምረው አቢላሽ ኮራታላ፣ አልጋ ዳር አልትራሳውንድ የኩላሊት ሐኪም ትምህርት አካል እንዲሆን ከሚሟገቱት አንዱ ነው። የሞንትሪያሉ ዊሊያም ቦቢየን-ሱሊኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 145 ሕሙማን ላይ ተመሥርተው፣ በትልቁ ደም መልስ፣ በጉበትና በኩላሊት ደም መልሶች የሚታየው መጨናነቅ የኩላሊት ጉዳትን አስቀድሞ እንደሚጠቁም አሳይተዋል። እነሱ እዚያ ደርሰዋል። እኛ እዚያ እስክንደርስ መጠበቅ የለብንም። ለእኛ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላሉ ነው፤ ታግዷል ወይስ አልታገደም? ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ወይስ አልቋጠረም?

“ይህ የራዲዮሎጂስት ሥራ ነው” የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ማንም ያየውን ሁሉ እየተረጎመ ሰው ቢያሳስት ተጠያቂው ማነው? ግን ልብ እንበል፤ አልጋ ዳር የሚደረገው አልትራሳውንድ የራዲዮሎጂስቱን ሙሉ ምርመራ አይተካም። ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ለሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ መልስ ይፈልግበታል። የቀረውን ለባለሙያው ያስተላልፋል። ሌሊት በ8 ሰዓት ለመጣ በሽተኛ ራዲዮሎጂስት በሌለበት ከተማ ምርጫው በሠለጠነ ሐኪምና በራዲዮሎጂስት መካከል አይደለም። ምርጫው በሠለጠነ ሐኪምና በማንም አለመታየት መካከል ነው።

አገራችን ይህን መንገድ ከዚህ በፊት አልሄደችበትምን? እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና ሠልጥነው፣ ስፔሻሊስት በማይደርስባቸው ሆስፒታሎች የእናቶችን ሕይወት አትርፈዋል። በዚያን ጊዜም “ይህ የስፔሻሊስት ሥራ ነው” ያለ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሲጀምር ከዊስኮንሲንና ከቶሮንቶ የመጡ መምህራን አግዘውት ነበር፤ ዛሬ መምህራኑ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ችሎታ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከዋና ከተማ ወደ ወረዳ መውረድ እንደሚችል በተግባር አይተናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አይደለም። የኩላሊት ሕክምና የሚማሩ ሐኪሞች ከትምህርታቸው ጊዜ ጥቂቱን ከአዲስ አበባ ውጭ፣ እንደ ጭሮና እንደ ገለምሶ ባሉ ከተሞች ያሳልፉ። ያን ጊዜ የሚማሩት ይኖራል፤ ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ ከመዘግየቱ በፊት ምን እንደሚመስል ያያሉ። የሚያስተምሩትም ይኖራል። ሲመለሱም ግንኙነቱ አይቋረጥ። የሠለጠነው ጠቅላላ ሐኪም ያነሣውን ምስል፣ የበሽተኛውን ስም ሸፍኖ፣ በስልኩ ለአስተማሪው ልኮ አስተያየት ማግኘት ይችላል። ይህ ከኔትወርክና ከፈቃደኝነት ሌላ ብዙ ወጪ የለበትም።

ሆስፒታሎቻችንም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የማሽኑ ቁልፍ ተረኛው ዘንድ ይሁን። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑን እንዳያቃጥለው መከላከያ ይደረግለት። ጄል ያልቃል፤ ሳያልቅ ይታዘዝ። አንድ የሠለጠነ ሰው ሲዛወር ችሎታው አብሮት እንዳይሄድ ከመሄዱ በፊት ሌላ ሰው ያሠልጥን። ከሌላ አካባቢ ለሚመጣ ሐኪምም ስለ ሽንት፣ ስለ እብጠትና ስለ ትንፋሽ በአፋን ኦሮሞ የሚጠይቅባቸው ዓረፍተ ነገሮች በሥራው መጀመሪያ ይሰጡት። ለወንድ አዛውንት የሚያስተረጉም ወንድ ሠራተኛ፣ ለእናት ሴት ሠራተኛ መፈለግ ይህን ያህል ይከብዳል?

እኛ ነዋሪዎችስ? “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እያልን አድገናል፤ በተግባር ግን በዚህ ጉዳይ እንደብቃለን። ወንዶች ሽንት ሲያስቸግረን በእርጅና እናመካኛለን። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሣ፣ ቶሎ አልወርድ የሚል፣ ጠብ ጠብ እያለ ልብስ የሚያበላሽ ሽንት እርጅና ብቻ አይደለም፤ ለሐኪም መነገር አለበት። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ስንወጣ፣ በዕድርም ስንሰበሰብ፣ ልጆቻችን ባሉበት ሳይሆን እኩዮቻችን መሐል ስለዚህ እንነጋገር። ለሆስፒታል ገንዘብ ስናዋጣም ለማሽን መግዣ ብቻ አንስጥ። ማሽን ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፤ ሥልጠና ግን ሪባን ስለሌለው ይረሳል። “ለዚህ ማሽን ማን ሠለጠነ? በማን? እስከ መቼ ይከታተሉታል?” ብለን የመጠየቅ መብት አለን፤ ግዴታም አለብን።

ዲያሊሲስ ላይ የወደቀ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም አይተናል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መደረግ የሚገባው እጥበት በገንዘብ እጦት ሁለት ጊዜ ይሆናል። መሬት ይከራያል፣ ከብት ይሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ አስታማሚ ይሆናል። ከዚያ መንገድ ሊመለስ የሚችል ሰው መመለስ የነበረበት ገና እዚህ፣ ቤቱ አጠገብ ሳለ ነው። በሁሉም ላይ አይቻልም፤ በስኳርና በግፊት ቀስ በቀስ ያለቀን ኩላሊት ፕሮብ አያድነውም። የታገደውን ግን ያድናል። ያን ሰው ማዳን የሚጀምረው ኩላሊት ሕክምና በሚያስተምሩ ኮሌጆች የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው። ተማሪውን ማየት አስተምሩት፤ የማያውቀውን “አላውቅም” ማለት አስተምሩት፤ ከዚያም ያወቀውን ይዞ ወደ እኛ እንዲመጣ አድርጉት። እኛም ስንቀበለው ደስ ብሎን ነው።